ቀይ ቀለም፣ አብሪ ቀለም
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ “ስለዚያ ስለሚያበራው ጽሑፍህ ትንሽ ንገረን” ሲሉኝ፣ “ኬሚስትሪ ተምሮ ቀለም ቀቢ ሆነ” የሚለው ሐሜት እዚህም ደርሷል ማለት ነው ብዬ ሳቅሁ። እውነት ነው። ሳምንቱን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በቀለምና በማርከር ቃላት እሥላለሁ። የሙሽሮች ስም፣ የልደት ምኞት፣ የካፌ ግድግዳ፣ የተማሪዎች ክፍል በር፣ የመጣውን ሁሉ። ደማቅ ሮዝ፣ አብሪ አረንጓዴ፣ ብርቱካን፣ ያ ዓይን የሚወጋው ቢጫ። የደብረ ታቦር ሰው ስለሚያበራ ነገር ቢያወራ ደግሞ አይፈረድበትም፤ ከተማችን ስሟን የወሰደችው ብርሃን ከታየበት ተራራ ነው፣ እኛም ቡሄ በመጣ ቁጥር ችቦ እያበራን ነው ያደግነው።

አንዳንድ ታላላቆቼ ግን ይህን ሥራ አይወዱትም። ፊደል የተከበረ ነገር ነው፣ የከረሜላ ወረቀት አታስመስሉት ይላሉ። ቅሬታቸው ተራ ቅሬታ ስላልሆነ ዛሬ ከእሱ ልጀምር።

እስቲ የግዕዝ ፊደልን ከላቲኑ ጋር አስተያዩት። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው። የሰው ስም ሲጽፍ፣ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር፣ ርእስ ሲያወጣ ትልቁን ያነሣል። የእኛ ፊደል ይህ የለውም። “ሀ” በመጽሐፉ መጀመሪያም በመካከሉም ያው “ሀ” ናት። ታዲያ ጸሐፊዎቻችን አንባቢውን “እዚህ ጋ ቁም፣ ይህ ስም ከባድ ነው” የሚሉት በምን ነበር? በቀለም ነዋ! ብራና ገልጣችሁ ካያችሁ፣ የምዕራፉ መግቢያ በቀይ ነው፤ የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ነው። የቀረው በጥቁር። ቀይ ቀለም ለእኛ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ትልቁ ፊደላችን እሱ ነበር።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእኛ የደቡብ ጎንደር ደጋ የዚህ ትምህርት አገር ነው። ጋይንት ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት የታወቁ ናቸው፤ ተማሪው ከየአገሩ ኮቾሮውን ይዞ የሚመጣው ወደነሱ ነው። ድጓን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ዋናው ጽሑፍ በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ከበላዩ ደግሞ የዜማው ምልክት በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል። አንዱ ለንባብ፣ አንዱ ለዜማ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት መጠን ያለው ፊደል፣ ሁለት ቀለም፣ ሁለት ሥራ። የዛሬ የግራፊክስ ባለሙያ ብዙ ገንዘብ አስከፍሎ የሚያስተምረውን ነገር የቆሎ ተማሪው በሸምበቆ ብርዕ እየገለበጠ ይማረዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም እንደዚሁ ነው። ሠዓሊው ከሥዕሉ አጠገብ “ዘከመ” ብሎ ጀምሮ የሚሆነውን በጽሑፍ ያስረዳል። ክታቡን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቃሉ ራሱ ከዓይኑና ከመረቡ ጋር እየተጠላለፈ ሥዕል የሚሆንበት ነው። ስለዚህ ቃልን ሥዕል ማድረግ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ይህን ይዞ ዓለም ዞሯል። በ1950 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሠዓሊ በ1972 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ በኋላም ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ የአማርኛን ፊደል ሲዘረጋው፣ ሲገለብጠው፣ ሲያስደንሰው ኖሯል። የሱ ፊደል ግን እንዲነበብ አይጠበቅም፤ ቅርጹ ብቻ ይበቃዋል። የእኔ ሥራ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። ሙሽራዋ ስሟን ማንበብ አለባት!

እንግዲህ የታላላቆቼን ቅሬታ በግማሹ መለስኩ። በግማሹ ግን እነሱ ትክክል ናቸው፤ እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ይገባል።

አብሪ ቀለም “ኒዮን” ይባል እንጂ ኒዮን የሚባለው ጋዝ በውስጡ የለም፤ ስሙን የወሰደው ከመስታወት ቱቦው መብራት ነው። ተራ ቀይ ቀለም ከሚመጣለት ብርሃን ቀዩን ይመልሳል፣ ሌላውን ውጦ ያስቀራል። አብሪው ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይቀበልና ወደሚታይ ብርሃን ለውጦ ያወጣዋል። ከአጠገቡ ካለው ነጭ ወረቀት በላይ የሚደምቀው ለዚህ ነው። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ደግሞ ይብስበታል፤ ሌላው ቀለም ሲደበዝዝ እሱ ገና ይጮኻል። ነገሩን ለገበያ ያበቁት ጆሴፍና ሮበርት ስዊትዘር የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በርክሌይ ከተማ ከአባታቸው መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ በጨለማ የሚያበራው የትኛው ጠርሙስ ነው እያሉ በመፈለግ ነው የጀመሩት። ወሰኔም የኖረው እዚያው በርክሌይ መሆኑ ይገርመኛል፤ መቼም ግጥምጥሞሽ ነው።

ታዲያ ይህን ቀለም የሚያበራው ጨረር ራሱ ይገድለዋል። አልትራቫዮሌቱ የማቅለሚያውን ሞለኪውል ቀስ በቀስ ይሰብረዋል። በየ1,000 ሜትር ከፍታ ጨረሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል፤ ደብረ ታቦር ደግሞ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ የእኛ ፀሐይ ብርድ ብርድ እያለችም ቀለም ትበላለች። ደጅ የሰቀላችሁት አብሪ ሮዝ በመስከረም የአደይ አበባ ጎን ይፎካከር ይሆናል፣ ለሚቀጥለው መስከረም ግን የታጠበ ሻሽ ነው የሚመስለው።

የብራናው ጥቁርስ? ዋናው ነገሩ ጥላሸት ነው። ከድስትና ከምጣድ የተፋቀ ጥላሸት ከተቆላ እህል ጋር ተወቅጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ወራት ቆይቶ ቀለም ይሆናል። ጥላሸት ካርበን ነው፤ ካርበን ፀሐይ አይፈራም። አድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ዕድሜያቸው ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኖ ጽሑፋቸው ዛሬም ይነበባል። እንግዲህ ለየትኛው ቃል የትኛው ቀለም እንደሚገባ ማወቅ ነው ክብር የሚባለው። ለሰነባች ቃል ጥላሸት፣ ለሰሞን ደስታ ኒዮን። እኔ የጸሎት ቃል በአብሪ ሮዝ ጻፍልን የሚሉኝን “ይህን ለብርዕ ተዉለት” እላቸዋለሁ። “እንኳን ደስ አላችሁ” ከሆነ ግን አምጡት!

ከእኛ መካከል የጂሲ ሰሞኑን ነጭ ቲሸርት የረሳ ማን አለ? ማርከር ይዘን በጀርባና በእጅጌ ላይ ስንፈራረም፣ አንዱ ምኞት ሲጽፍ፣ አንዱ የዶርም ቅጽል ስም ሲለጥፍ። ብዙዎቻችን ቲሸርቱን እስከ ዛሬ በሻንጣ ግርጌ ይዘነዋል፤ ጽሑፉ ግን ጠፍቷል ወይም ደብዝዟል። ከኬሚስትሪ መምህር አንድ ምክር ውሰዱ፦ ከፀሐይ አርቁት፣ ሳሙናም አታስነኩት። በተለይ ደግሞ ዛሬ ማታ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። አብሪው ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ወደ እጅ ሥራው ልግባ፤ መሞከር ለምትፈልጉ ጥቂት የሚረዳ ነገር አለኝ። ከኢንተርኔት የምናየው የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፍ ስልት ፊደላቱን በአንድ ክር ያያይዛቸዋል። የእኛ ፊደል አይያያዝም። እያንዳንዱ በእግሩ የቆመ ነው፤ ስለዚህ ውበቱ የሚገኘው በመካከላቸው ካለው ባዶ ቦታ ነው። “ጠ” እና “ሐ” ሰፊ ናቸው፣ “ነ” እና “ገ” ቀጫጭን ናቸው። ሁሉንም እኩል ሳጥን ውስጥ ከከተታችኋቸው ቃሉ ጥርሱ የተነቀለ ይመስላል። መጀመሪያ በእርሳስ አጥንቱን ሣሉ፣ ራቅ ብላችሁ እዩ፣ ከዚያ ሥጋ አልብሱት።

ትልቁ አደጋ ቀለበቱ ነው። “ቢ” እና “ቤ” የሚለዩት በእግራቸው ጫፍ ላይ ባለችው ነገር ብቻ ነው፤ አንዷ ሰረዝ፣ አንዷ ቀለበት። ወፍራም ማርከር ቀለበቷን ከደፈነ “ምግብ ቤት” “ምግብ ቢት” ይሆናል። እንዲህ ያለ ታፔላ ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ ባለው መንገድ ዳር አይታችሁ ይሆናል፤ እኔ ቆጥሬ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ለቀለበት የሚሆን ቀጭን ማርከር ለብቻው ያዙ።

ከዚያ ቀለሙ። አብሪ ቀለም ስስ ነው፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ላይ ብትቀቡት ይሞታል። ከሥሩ ነጭ ይፈልጋል፤ ግድግዳም ሆነ ላሜራ መጀመሪያ ነጭ ቀቡትና በደንብ ይድረቅ። ከቢጫው ጀምሩ፣ ገና ሳይደርቅ ከታች በኩል ብርቱካኑን አስገቡ፣ መጨረሻ ሮዙን። ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ግድ ነው። ጥቁሩ የዳር መስመር የመጨረሻው ነው፤ እሱ ከሌለ ቢጫው ነጩ ላይ ቀልጦ ይጠፋል። እዚህም ላይ የጥንቱ ጸሐፊ ያሸንፋል፣ ጥቁሩ ነው ቃሉን ይዞ የሚያቆመው።

አሁን ወደ ልመናዬ። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ አልነበሩም፤ በሲንቴቲክ ቀለምና በብሩሽ ላሜራ ላይ የሚጽፉ የታፔላ ጸሐፊዎች ናቸው። ያለ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወርዱ፣ የፀጉር ቤቱን “ፀ” ከእርሻ መሣሪያው መደብር “መ” በተለየ መልክ የሚቀርጹ እጆች። ዛሬ ባለ ሱቁ ፍላሽ ይዞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ በአንድ ቀን ባነሩ ተሰቅሎ ያድራል። ፈጣን ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ነጋዴውን አልወቅሰውም። ግን የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህም ቢሆን ሰው ዘወትር የሚጠቀምባቸው የኮምፒውተር ፊደላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስጋ ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ የአበባ መደብሩም በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ። የብሩሽ ታፔላው ደግሞ ሲወርድ ማንም አያስቀምጠውም፤ ላሜራው ለዶሮ ቤት ክዳን ይሆናል።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህሮቻችን፤ የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሎች ሁሉ የሚነካ ሥራ ነውና፣ ተማሪዎቻችሁን ለአንድ ሴሚስተር ስልክ ብቻ አስይዛችሁ ላኳቸው። ደብረ ታቦር፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ እስቴ፣ ንፋስ መውጫ። በእጅ የተጻፈ ታፔላ ባገኙበት ፎቶ ያንሡ፤ ቦታውንና ጊዜውን ይመዝግቡ፤ ጸሐፊው በሕይወት ካለ ፈቃዱን ጠይቀው እጁ ሲሠራ ይቅረጹት። ከዚያ ክምችት አንድ ሁለት የኮምፒውተር ፊደል ቢወጣ፣ የደቡብ ጎንደር ልጅ ሱቅ ሲከፍት የሚመርጠው የአገሩ እጅ ይኖረዋል። ጸሐፊዎቹ ለሥራቸው ሊከፈላቸውና ስማቸው ሊጻፍ ይገባል፤ ይህን በነጻ እንዲሰጡን መጠየቅ ነውር ነው። ለመጀመሪያው ዙር የሚያስፈልገውን የትራንስፖርትና የአበል ወጪ እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ብናዋጣ አይከብደንም። እኔ የዚህን ዓመት የቅዳሜ ገቢዬን ለዚሁ መድቤአለሁ፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ከምሳ በፊት ገንዘብ ያዡ ዘንድ ስማችሁን አስመዝግቡ።

ከአዳራሹ በስተቀኝ ረጅም ነጭ አቡጀዲ ዘርግተናል፤ ማርከሮቹ በሳጥኑ ውስጥ አሉ። የዶርም ጓደኛችሁን ስም፣ የመምህራችሁን ስም፣ የፈለጋችሁትን ጻፉ። ክዳናቸውን መልሳችሁ ግጠሙ፣ አለበለዚያ ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ደረቅ ማርከር ነው የሚያገኙት። ቢጫውን ደግሞ ብቻውን እንዳትጠቀሙ።