የለቀቁት ርስትና የሠፈሩበት መሬት




የውጫሌን ስም በዓለም ያሳወቀው በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣልያ በኩል ማድረግን የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ፈቃድ ሲያደርገው፥ የኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። እኔም ዛሬ የምናገረው በሕግ ስለገባች አንዲት ቃል ነው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ባለርስት ትውልዱን ቆጥሮ ይሟገት ነበር፤ ሙግቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ሽሮ፥ በርስት አገር ላለው ገበሬ አሁን በሚያርሰው መሬት የመጠቀም መብት ሰጠው። ለዘላኖችም በልማድ የሚያሰማሩበትን መሬት አወቀላቸው። ነገር ግን «አሁን የሚያርሰው» የሚለው ቃል ለመተከሉ ጉሙዝ አልበቃም። ጉሙዝ ጫካውን መንጥሮ ጥቂት ዓመት ይዘራል፤ ከዚያም መሬቱ ጾም አድሮ እስኪያገግም ወደ ሌላው ይሻገራል። ጾም ያደረው መሬት በጎሣው ዘንድ ባለቤቱ የታወቀ ነው፤ ማር ይቆረጥበታል፥ ይታደንበታል። ለመሐንዲሱ ግን ጠፍ መሬት መሰለው።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። ትልቁ ድርሻ የወሎ ነበር፤ ሳይወድ የሄደም ብዙ ነው። ከእነዚህም 80,000 ያህሉ በበለስ ሸለቆ፥ ፓዌ ላይ ሠፈረ። ጉሙዞች ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ከአባቶቻቸው መሬት ተገፉ፤ አቤት የሚሉበት ዳኛም አልነበራቸውም።

ሠፋሪው ለቆት የሄደውን ማሳ ደግሞ ገበሬ ማኅበሩ ለቀረው አከፋፈለው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተመለሰው ሰው ማሳውን ሌላ ሲያርሰው አገኘ። ከሳሽም ተከሳሽም የድርቅ ጉዳተኛ ነው፤ ሁለቱም መሬቱን የያዙት በሕግ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር የሚፈርድ ዳኛ ያሳዝነኛል።

በኬንያ የኤንዶሮይስ ሕዝብ ከቦጎርያ ሐይቅ ዳር ለአራዊት ጥብቅ ሥፍራ ሲባል ተነሣ። የአገሩ ፍርድ ቤት ስላልተቀበለው ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤት አለ። ኮሚሽኑም በ2002 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ውሳኔ በልማድ የተያዘ መሬት ወረቀት ባይኖረውም እንደ ባለቤትነት እንደሚቆጠር፥ ያለ ፈቃዱ የተነሣም መብቱ እንደማይጠፋ ወሰነ። አፈጻጸሙ እጅግ ዘግይቷል። ኮሚሽኑ የሚሠራበትን ቻርተር አገራችንም በ1990 ዓ.ም. ተቀብላዋለች።

በእኛ ዘንድ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 40ኛ አንቀጽ ገበሬውንና አርብቶ አደሩን ከመፈናቀል ይጠብቃል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልም ጉሙዝን ከባለቤት ብሔረሰቦች አንዱ ብሎ ጽፏል። ፓዌ የተወለደው የወሎ ልጅስ? የአባቱ ማሳ ተከፋፍሏል፤ የተወለደበት ምድርም የሌላ ነው ይባላል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ብዙ ደም ፈሷል፤ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም።

ስለዚህ ሠፈራ ለምታቅዱ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ተነሺው የሚለቀው ማሳ በስሙ ይመዝገብ፤ እስከ መቼ እንደሚጠበቅለትም ይጻፍ። በሚሠፈርበት አገር ጾም ያደረው መሬት ከነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎች ጋር በእግር ተዙሮ ይለይ። ሽማግሌዎቹ ካልፈቀዱ ሠፈራው ይቅር። ከመዝገቡም አንድ ግልባጭ ለወረዳው ፍርድ ቤት ይሰጥ።