ዓሣ መብላት በብልሃት፦ ባሕር ዳርን በእግር ስለ ማየት



 የማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አገር ቤት አንድ ነገር እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ታሪክ እንድተርክ ከሆነ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ ብዬ ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ንግድ የገባሁ፣ እዚሁ ሄሮን ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። የማውቀው ነገር የሚበላና የሚጠጣ ነገር ነው፤ ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ ዋጋው ለምን ከፍ ዝቅ እንደሚል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ምግብ ይሆናል። ከምሳ በፊት መሆኑ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የፕሮግራም መሪው ነው።

እዚህ ጅቡቲ ውስጥ የምንበላውን አስቡት። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ድንቹ፣ ብርቱካኑ አብዛኛው ከኢትዮጵያ በድሬዳዋ በኩል ወይም በጋላፊ በኩል የሚመጣ ነው። የጤፍ ዱቄቱም እንዲሁ። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ገበሬ፣ ደላላ፣ ጫኝ፣ ሹፌር፣ ቀረጥ፣ ጅምላ ሻጭ አልፎ ነው። እኔ ራሴ የመጨረሻው እጅ ነኝ። በላተኛው የሚያየው ግን እኔን ብቻ ነው። ቲማቲም ሲወደድም የሚቆጣው በእኔ ነው! አያያዙን ሳስበው፣ ሰው የሚበላው ነገር ከየት እንደ ተነሣ በዓይኑ ቢያይ ክርክራችን ይቀንስ ነበር እላለሁ። ይህን በአንድ ጠዋት በእግር ተጉዞ ማየት የሚቻልበት ከተማ አውቃለሁ። ባሕር ዳር ነው።

ባሕር ዳርን የማያውቅ ባይኖርም ለልጆቻችን ስል ጥቂት ልበል። ከተማው በጣና ሐይቅ ደቡብ ጫፍ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተቀመጠ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እኛ ከባሕሩ ጋር እኩል ተቀምጠን ሙቀቱን ለምንችል ሰዎች ይህ ከፍታ ራሱ ተራራ ነው፤ ማታ ማታ ሹራብ ያስለብሳል። ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከተማው ሜዳ ነው። በዘንባባ የተጠለሉ ሰፋፊ መንገዶች አሉት። ነዋሪውም ብስክሌት ይወዳል። ባጃጅ በየመንገዱ ሞልቷል፤ እኔ የምመክረው ግን በእግር መሄድ ነው። በባጃጅ የሄደ ሰው ሆቴሉን ያያል፣ በእግር የሄደ ሰው ጓዳውን ያያል።

ጉዞውን ከገበያው መጀመር ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል። ከጎጃም ወረዳዎች የመጣው ጤፍ በየዓይነቱ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፤ ነጩ፣ ሠርገኛው፣ ቀዩ። አጠገቡ ዳጉሳ አለ። ከአቸፈርና ከሜጫ አካባቢ የሚመጣው ዳጉሳ የድሃ እህል ተብሎ የሚናቅበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ለጠላና ለአረቄም ዋናው እህል ነው። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ በቅል የተያዘው ቅቤ ሁሉ በተራ ነው። ሴቶቹ ቅቤውን ከእጅ ጀርባ ላይ ቀባ አድርገው ያሸትቷችኋል። ሳይገዙ መሄድ ነውር ባይሆንም ከባድ ነው።

ከገበያው ወደ ሐይቁ ለመውረድ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደ ውኃው ዳር ሲቀርቡ የዓሣው ሽታ ይቀበላል። እዚያ ሁለት ዓይነት ጀልባ ይታያል። አንደኛው የሞተር ጀልባ ነው። ሁለተኛው ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። ታንኳን በመሥራት ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ዕድሜው አጭር ነው፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ይታሰራል። ይህን ሙያ ይዘው የቆዩ ሰዎች ኑሯቸው ከሙያቸው ያነሰ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

የሚወጣው ዓሣ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። በላተኛው አብልጦ የሚወደው ቀረሶ ነው። አምባዛ አለ፤ ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው፣ ዋጋውም ለዚህ ይመስለኛል ዝቅ የሚለው። ሦስተኛው ባለሙያዎች ባርበስ የሚሉት ወገን ነው። ከዚህ ወገን ከአሥር የሚበልጡት ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። ይህን ስሰማ አንድ ነጋዴ እንደሚያስበው አሰብኩ፦ በዓለም ሁሉ አንድ መደብር ብቻ ያለው ሸቀጥ ማለት ነው።

አሠራሩን ደግሞ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ዓሣው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ከሎሚ፣ ከቃሪያና ከአዋዜ ጋር በእንጀራ ወይም በዳቦ ይቀርባል። ለብለብ የሚወድ፣ ዱለት የሚወድ፣ ጉላሽ የሚወድ፣ ሾርባ የሚወድ እንደየፍላጎቱ ያዛል። እዚህ እኛ ጋ የየመን ዓሣ የምንለውን ታውቃላችሁ፤ ከጀርባው ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በጭቃ ምድጃ ተጠብሶ ከሰፊው ቂጣ ጋር የሚቀርበውን። ሁለቱም ያው ዓሣ ናቸው፤ የአንዱ ሙያ ከባሕር ማዶ መጣ፣ የሌላው ከሐይቅ ዳር። ልጆቻችን አንዱን ብቻ አውቀው ቢያድጉ ግን ግማሽ ርስት እንደ መውረስ ነው።

ዋጋውን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በጾም ወራት፣ በተለይ በዐቢይ ጾም፣ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ነገር ግን ፈላጊ ሲበዛ መረቡም ይበዛል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ቡናውን ልጥቀስ። ከባሕር ዳር በጀልባ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ዘጌ ይደረሳል። ዘጌ ገዳማትና የቡና ደን ናት። በቆየው ሥርዓት መሠረት መሬቱ በበሬ አይታረስም። ነዋሪው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ሸጦ እህሉን ከውጭ ይገዛል። አባቶች እንደሚተርኩት ቡናውም፣ ጌሾውም፣ ሎሚውም የተገኙት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። ማረሻ ስላልገባ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሌላው ዳር ተመንጥሮ ሳለ ያ ደን የቆመው ሰዎች ስለ ተስማሙ ነው።

ከሰዓት በኋላ በየሰፈሩ ብትዞሩ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት በር ታያላችሁ። ያ ጠላ ቤት ነው። ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። የዘጌው ጌሾና የአቸፈሩ ዳጉሳ በአንድ ጋን የሚገናኙት እዚያ ነው። ጠዋት በገበያ ያያችሁት እህል ማታ ከፊታችሁ በጣሳ ይቀርባል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። አባቶቻችን "ዓሣ መብላት በብልሃት" ይላሉ። ትርጉሙ እሾኹን ተጠንቅቀህ ብላ ማለት ነው። እኔ ባሕር ዳርን ሁለት ጊዜ በእግሬ ዞሬአለሁ፤ በ2000 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም.። በሁለተኛው ጊዜ ሳህን ላይ የቀረበልኝ ቀረሶ ከመጀመሪያው አነስ ያለ ነበር። የጠበሰችልኝን እናት ስጠይቃት "እኔ አላሳነስኩት ልጄ፣ ሐይቁ ነው ያሳነሰው" አለችኝ። ዓሣ ሳያድግ ሲወጣ ሳህኑ ይናገራል፤ ቆጣሪና ጥናት ከመምጣቱ በፊት ይናገራል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በሐይቁ ላይ የተስፋፉት ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። ከነሱ በፊት ታንኳ የምትደርስበት ቦታ የተወሰነ ነበር። ባርበሶቹ ደግሞ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው አንድ ዓሣ አላጠመደም፣ የሚመጣውን ዓመት ነው ያጠመደው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየ፤ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፍቶ መረብና ጀልባ አላሳልፍ አለ። ብዙ ሕዝብ በእጁ እየነቀለ ታግሎታል። ቀደም ብዬ ጥልቀቱን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከዳር የታጠበ አፈር ቶሎ ይደርስበታል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ መዝገቡ ግን ብቻውን ዓሣ አያሳድግም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት እንግዳ ቀንሷል፤ የጀልባ አከራዩም፣ ዓሣ ጠባሿም፣ ቡና አፍዪዋም ገበያ አጥተዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በዓባይ ላይ 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ ተመርቋል፤ ድልድዩ የሚያምረው ግን የሚሻገርበት ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ተነሡ አልላችሁም። መንገዱን በቦታው ካለ ዘመድ ጠይቁ፤ ሰላም መሆኑ ሲረጋገጥ ሂዱ።

ስትሄዱ ግን እንዲህ አድርጉ። ከሆቴላችሁ አንድ ቀን ውጡና በእግር ዙሩ። ከትንሿ ጠባሽ ዘንድ ብሉ፣ ሳትከራከሩ ክፈሉ። እዚህ አንድ ሻይ የምንገዛበት ገንዘብ እዚያ ለአንድ ቤት ቁም ነገር ነው። ገና ያላደገ ዓሣ ሲቀርብላችሁ "ትልቅ ከሌለ ሽሮ ስጪኝ" በሉ። እኔ ከቆጣሪው ማዶ እንደ ቆመ ሰው ልመስክር፦ ነጋዴ ምክር አይሰማም፣ ገዢ ሲተወው ግን ይሰማል። በላተኛው ትንሹን ዓሣ ከተወው አጥማጁም መረቡን ያሰፋል።

እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን አገራቸውን የሚያውቁት በሠርግና በለቅሶ፣ በአዲስ አበባ የዘመድ ሳሎን ውስጥ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን አያውቁም፤ ያላወቁትን ደግሞ ሲጠፋ አያዝኑለትም። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወጣቶቻችንን በቡድን እንላካቸው። ባቡሩ ከናጋድ ይነሣል፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ደግሞ በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወጪውን ለመጋራት በበኩሌ ቃል እገባለሁ፤ ሌሎቻችሁም ነጋዴዎች ስሜን ስትሰሙ ስማችሁን እንደምታስመዘግቡ አልጠራጠርም። ሲመለሱ ፎቶግራፍ ብቻ ይዘው እንዲመጡ አልፈልግም። የዳጉሳን ዋጋ፣ የመረቡን ዓይን ስፋት፣ የጠባሿን ልጆች ብዛት ይንገሩን።

እግዚአብሔር በዓሉን የደስታ ያድርግልን፤ አገራችንን ሰላም፣ ሐይቃችንን ሙሉ ያድርግልን።