በአብያታ ዳርቻ ምን እንቁጠር?



ወደ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ወፍ ለማየት የሚሄድ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ፍላሚንጎዎች ላይ ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ግን ስለ ፔሊካን ነው። ፔሊካን ጎጆውን የሚሠራው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ሲሆን፣ ጥልቁ ሻላ በዓሣ ድኻ በመሆኑ ምግቡን ያገኝ የነበረው ከጎረቤቱ ከአብያታ ነው። ከዝዋይ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የአብያታም ውኃ ለሶዳ አሽ ምርት ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። ፍላሚንጎ የሚመገበው ደቃቅ አልጌ ነውና ጨውን ይችላል። ስለዚህ የፍላሚንጎው ብዛት ብቻውን የሐይቁን ጤንነት አይመሰክርም።

ለመስክ ጉዞ ስትሄዱ፣ የወፎቹን ቁጥር ከመዘገባችሁ በኋላ የመኪናው መንገድ ከሚያበቃበት እስከ ውኃው ጠርዝ ያለውን እርምጃም ጻፉ። ጭቃው ስለሚያሰጥም ከአስጎብኚው አትቅደሙ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ከዚያው ቦታ ተነሥተው ይቁጠሩ።