እንጀራ ፀጉር ያረግፋል ወይ?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን «ስለ ፀጉር ተናገሪ» ስትለኝ አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። እኔም ስቄ ነበር። ነገሩ ግን ከቁጠባችን የተበደርኩትን ገንዘብ ስለበላብኝ፣ ዛሬ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

እንደምታውቁት የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው። ትልቁ ልጄ በ23 ዓመቱ ፀጉሩ ከግንባሩ ወደ ኋላ ይሸሽ፣ አናቱም ይሳሳ ጀመር። «ፀጉር የሚያረግፈው እህል ነው» ሲባል ሰምቶ እንጀራም ዳቦም ተወ። ሌሊት ተነስቼ የጋገርኩትን የገዛ ልጄ ሳይቀምሰው ሲወጣ ማየት እንዴት እንደሚያም እናንተ ታውቃላችሁ። በአራት ወር ውስጥ ከሳ፤ ፀጉሩም ከበፊቱ ብሶ ይረግፍ ጀመር። እኔም ደንግጬ ለጤፍ መግዣ የተበደርኩትን ለቅባትና ለቫይታሚን አወጣሁት።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድን። እዚያ የተረዳሁትን፣ ኋላም ጠይቄ ያወቅሁትን ላካፍላችሁ።

የወንዶች ራሰ በራነት ዋና ምክንያቱ ዘርና ሆርሞን ነው። ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ወደ ሌላ፣ ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን ይለወጣል። በዘሩ ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ ይህ ሆርሞን የግንባርንና የአናትን የፀጉር ሥር ቀስ በቀስ ያሳንሰዋል። ፀጉሩም እየቀጠነና እያጠረ ይሄዳል፤ የጎንና የኋላው ግን ይተርፋል። በ1942 እ.ኤ.አ. ጀምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፣ ሆርሞኑ ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ያለባቸው መመለጥ እንደሚጀምሩ አሳየ። ዘሩም ከአባት ብቻ ሳይሆን ከእናትም ይመጣል። ስለዚህ የባሎቻችንን ወገን ብቻ አንውቀስ።

ታዲያ ምግብ ምንም አያደርግም? ያደርጋል። ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ሰው በድንገት ሲከሳ፣ ፕሮቲን ወይም አይረን ሲያንሰው፣ ከከባድ ሕመም ወይም ከወሊድ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ከመላው ራሱ ላይ ፀጉር ይረግፋል። ይህ ሌላ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱ ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ልጄ ላይ ሁለቱ ተደራርበው ነበር። አንዱ በዘር መጣ፤ ሌላውን እህል በመተው ራሱ ጠራው።

ግሉተን የሚባለው በስንዴና በገብስ ውስጥ አለ፤ ጤፍ ውስጥ የለም። ግሉተን ሊተው የሚገባው ሕመሙ በሐኪም ምርመራ የተረጋገጠበት ሰው ነው።

መድኃኒትም አለ። የሚቀባው ሚኖክሲዲል፣ የሚዋጠው ፊናስቴራይድ ይባላል። የሚሠሩት እስከተወሰዱ ድረስ ነው፤ ሲቆሙ ፀጉሩም ይሄዳል። በሐኪም ትእዛዝ እንጂ በጎረቤት ምክር አይጀመሩም። በተለይ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የተሰባበረ የፊናስቴራይድ ክኒን በእጇ መንካት የለባትም፤ በማኅፀን ያለን ወንድ ልጅ ሊጎዳ ይችላል።

ለእኛም አንድ ነገር አለ። ሹሩባ ሲጠብቅ የግንባርን ፀጉር እየጎተተ ያሳሳዋል። በጊዜ ከላላ ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል። ሴቶች ልጆቻችንን ስንሠራ «አመመኝ» ካሉ እናላላላቸው።

ልጄ ዛሬ ራሱን ተላጭቶ ይሄዳል። እንጀራውን በሽሮና በምስር ይበላል። ሰውነቱ ተመልሷል፤ ግንባሩ ግን አልተመለሰም። እኔም ብድሬን በየሳምንቱ እየከፈልኩ ነው፤ የቀረኝ ጥቂት ነው።

አንድ ሐሳብ ላቅርብና ልጨርስ። ለመድኃኒት ብድር የምትጠይቅ እህት ገንዘቡን ከመውሰዷ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ። የሚሸኛት ካጣች እኔ አብሬያት እሄዳለሁ።