የጋራ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ይቋቋም ስንል ወጪውን ማን ይችላል?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ለመንግሥት አንድ ማመልከቻ እንዲጻፍ ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ማመልከቻው አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች በአንድነት የሚያገለግል የጋራ የትራንስፖርት ባለሥልጣን እንዲቋቋም የሚጠይቅ ነው። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከካራቆሬ ወደ ሰበታ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚሄድ ሰው የአስተዳደር ወሰን ይሻገራል። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩና ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህ ደግሞ ወሰኑ የሁለት ትላልቅ ከተሞች ወሰን ሆኗል። ሠራተኛው፣ ተማሪውና ነጋዴው ግን ወሰን ቆጥሮ አይውልም፤ በአንዱ ያድራል፣ በሌላው ይውላል። መኪና በቀየረ ቁጥር የሚከፍለው ተጨማሪ ሒሳብ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ አይታይም፤ ከእሱ ኪስ ግን ይወጣል።

ስለዚህ ማመልከቻው ይጻፍ ባይ ነኝ። ሆኖም ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ስለ ዋጋው እንነጋገር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ?

እድር ድንኳን ሲገዛ የድንኳኑ ዋጋ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ማስቀመጫው ቤት፣ ዘበኛው፣ ማጓጓዣው፣ የተቀደደውን ማሰፋቱ ግን በየጊዜው ከመዋጯችን ይወጣል። መሥሪያ ቤትም እንደዚሁ ነው። ቦርድ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ የሒሳብ ክፍል፣ የቢሮ ኪራይ፣ ነዳጅ፣ ደመወዝና ጡረታ፤ ምን አለፋችሁ፣ አንድም አውቶቡስ ሳይንቀሳቀስ ወጪው ይጀምራል። በናይጄሪያ የሌጎስ ከተማ የትራንስፖርት ባለሥልጣን በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የፈጣን አውቶቡስ መሥመር ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። ስድስቱ ዓመት በከንቱ አለፈ ማለቴ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ሕዝብ የተጠቀመበት አገልግሎት መጥቷል። ነገር ግን አገልግሎቱ እስኪመጣ ድረስ ደመወዝ መከፈል ነበረበት።

የራሳችንንም እንይ። አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ ከጎኑ ሸገር የሚባል ሌላ የአውቶቡስ ድርጅት ተቋቋመ። ሁለት ድርጅት ማለት እንግዲህ ሁለት ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ግምጃ ቤት፣ ሁለት የደመወዝ መዝገብ ማለት ነው። ኋላ ሁለቱ ተዋሕደው በአንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ተጠቃለሉ። መክፈልም ማዋሐድም ወጪ አለው፤ ሁለቱንም የሚሸፍነው ግብር ከፋዩ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ዕዳ ነው። ብዙዎቻችን ከጦር ኃይሎች የምንሳፈርበት ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሥራው 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል የፈጀ ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ሲጀመር ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ባቡሩ በዶላር ተገዛ፤ ቲኬቱ በብር ይሸጣል። መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑም ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ዕቃ አጥተው የቆሙበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ታዲያ አዲስ ባለሥልጣን ንብረቱን ብቻ ሳይሆን ዕዳውንም ጭምር የሚረከብ ከሆነ፣ የሰበታው ነዋሪ የአያቱን ባቡር ዕዳ ይካፈላል ወይ? ይህ ካልተወሰነ ጠቡ የሚመጣው ኋላ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተንም ይኸው ደርሷል። ዋና ከተማዋ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በስምምነት የጋራ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ባቡሩ በ1976 ተጀመረ። ለባለሥልጣኑ ግን የራሱ የሆነ ቋሚ የግብር ገቢ ስላልተመደበለት ሦስቱ ወገኖች በየዓመቱ በበጀት መደራደር ነበረባቸው። ለመሣሪያና ለጥገና በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ቋሚ ገንዘብ ለማዋጣት የተስማሙት በ2018 ነው፤ ከ51 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሀብታም አገር ሆኖ እንኳን የመዋጮው ነገር በመጀመሪያው ቀን ካልተቆረጠ እንዲህ ይጓተታል።

እንግዲህ በማመልከቻው ላይ የሚከተሉት እንዲጨመሩ አሳስባለሁ።

1ኛ/ ቢሮ ከመከፈቱ በፊት ሁለቱ ከተሞች በስምምነት የካራቆሬና ሰበታን፣ የአስኮና ቡራዩን መሥመሮች በአንድ ታሪፍ ለአንድ ዓመት ይሞክሩ። ይህ ከነባሮቹ መሥሪያ ቤቶች በሚመደቡ ጥቂት ሠራተኞች ሊሠራ ይችላል።

2ኛ/ ሙከራው ከጠቀመና ባለሥልጣኑ ከተቋቋመ፣ እያንዳንዱ አስተዳደር በየዓመቱ የሚያዋጣው ድርሻ፣ የቀድሞውን ዕዳ የሚከፍለው ወገን፣ እንዲሁም ከነባሮቹ ክፍሎች የሚዘጉት በማቋቋሚያው ሕግ ላይ ተለይተው ይጻፉ። የሚዘጋ ክፍል ከሌለ በነበረው ላይ ደረብን እንጂ አላስተባበርንም።

3ኛ/ የገቢና የወጪው ሒሳብ ልክ እንደ እድራችን ሒሳብ በየዓመቱ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

አንዳንዶቻችሁ «ይህን ሁሉ ከጠየቅን ነገሩ ይዘገያል» ትሉ ይሆናል። ሊዘገይ ይችላል። ነገር ግን ወጪው ሳይታወቅ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት፣ ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚነካው ታሪፉን፣ ቀጥሎም የሩቁን መሥመር ነው። የሩቁ መሥመር ማለት ደግሞ የኛ ነው። በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ስትሰጡ ይህን አስቡበት።