ሳንጃን ያሳነስኩበት ፎቶ



ትናንት ማታ ጎሃ ሆቴል ሆነን ጎንደርን ቁልቁል ስናይ፣ ከስልኬ ያሳየኋችሁ ፎቶ መቼም ትዝ ይላችኋል። ከተማው በሙሉ የልጆች መጫወቻ፣ ባጃጆቹም የክብሪት ቀፎ መስለው ነበር። «እንዴት አደረግሽው?» ላላችሁኝ መልሱ ይኸው።

ዘዴው ቲልት ሺፍት ይባላል። የካሜራው ሌንስ ዘንበል ሲል፣ ጠርቶ የሚታየው ስፍራም አብሮ ያዘነብላል። ከፎቶው አንድ ቀጭን መቀነት ብቻ ይጠራና ከላይም ከታችም ያለው ይደበዝዛል። የኦስትሪያው መኮንን ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ ሕግ የተጠቀመው ከአየር የተነሱ ፎቶዎችን ለማቃናት ነበር። ጣሊያናዊው ኦሊቮ ባርቢየሪ ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ ታላላቅ ከተሞችን አሻንጉሊት አስመሰላቸው። እኔ ሌንሱም ሄሊኮፕተሩም የለኝም። ከፍ ካለ ቦታ አነሳለሁ፣ በስልኬ ላይና ታቹን አደበዝዛለሁ፣ ቀለሙን አደምቃለሁ፤ አለቀ።

ዓይናችን ለምን ይታለላል? ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሳችሁ ታውቁታላችሁ። የምናየው ነገር ትንሽና ቅርብ ሲሆን አንዲት ስስ ንብርብር ብቻ ትጠራለች። አእምሯችን ይህን ስለለመደ ዳር ዳሩ የደበዘዘ ነገር ሲያይ «ይሄማ ትንሽ ነው» ብሎ ይፈርዳል።

አሁን ወደ ሳንጃ ልውሰዳችሁ። እዚያ ስሠራ አንድ የገበያ ቀን ከፎቅ ላይ ሆኜ ገበያውን አነሳሁ። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች መኪና ይጠብቁ ነበር። ፎቶው አማረልኝ። ቡና ለሚያፈሉልን እናት አሳየኋቸው። ትንሽ አዩትና፣

«የኔ ልጅ፣ ምነው እንዲህ አሳነስሽን?» አሉኝ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ጣታቸውን ከደበዘዘው ዳር ላይ አሳርፈው፣ «የወንድሜ ልጅ እዚህ ጋ ነበር። የት አደረግሽው?» አሉ።

ዋናውን ፎቶ ከፈትኩላቸው። ሁሉም ቆሟል፤ አንድ ልጅ ብቻ ጆንያው ላይ ተቀምጧል። «ምነው ተቀመጠ?» ብል፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ያተኩሰዋል። ወባ ነው ብሎ ክኒን ውጦ ነበር፤ ሐኪም ቤት አልሄድም አለኝ» አሉ። በዚያ አገር ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ምን እንደሚያሳስብ ለእናንተ አልነግርም። ሮጠን ደረስንበት፤ መኪናው ገና አልመጣም ነበር። ጣፊያው እምብርቱ ድረስ ወርዷል። ምርመራው ካላዛር አለ። 17 ቀን መርፌውን ተወግቶ ዳነ።

እንግዲህ ያን ልጅ ያደበዘዝኩት በገዛ ጣቴ ነው፤ ፎቶው እንዲያምርልኝ ብዬ። በአማርኛችን ማሳነስ ሁለት ትርጉም እንዳለው ያስተማሩኝ እኒያ እናት ናቸው። ተረኛ ሆኜ ሰልፉ ሲረዝም፣ ሁሉም ትኩሳት አንድ ዓይነት ሲመስለኝ፣ ድምፃቸው ይመጣብኛል፤ «የት አደረግሽው?»

ቲልት ሺፍቱን አልተውኩትም፤ ዛሬም የቡድን ፎቷችንን አሻንጉሊት አድርጌ እልክላችኋለሁ። ዋናውን ግን አላጠፋም። ዳር የቆማችሁትም እዚያ አላችሁ።

ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።