ስሕተትን ስለ መናገር
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





ሥራዬ የመረጃ ቋት መጠበቅ ነው። ስሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል በቀላሉ ላስረዳ። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት አለ፤ መዝገቡን በሥርዐት የሚያኖር፥ ሲፈለግም ፈጥኖ የሚያወጣ ሠራተኛም አለ። እኔም የምሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ መዝገቡ በኮምፒዩተር ውስጥ መሆኑ ነው። የባንክ ሒሳብ፥ የሕመምተኛ ካርድ፥ የተማሪ ውጤት ሳይቀር በዚህ ዐይነት ቋት ይቀመጣል።

የዚህ ጥበብ ዕድሜ ረዥም አይደለም። በእንግሊዝ አገር የተወለደው ኤድጋር ኮድ በአሜሪካ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሲሠራ፥ በ1970 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አወጣ። መረጃ በረድፍና በዓምድ በተከፈለ ሠንጠረዥ ቢቀመጥ፥ ፈላጊው የተቀመጠበትን ስፍራ ሳያውቅ የሚሻውን ብቻ ጠይቆ ሊያገኝ እንደሚችል አስረዳ። ዛሬ የምንሠራባቸው ብዙዎቹ ቋቶች የዚህ ሐሳብ ፍሬዎች ናቸው።

ነገር ግን ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ከሠንጠረዡ ይልቅ ስለ ሠራተኛው ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን አንድ ጧት የአንድ ሰው መዝገብ እንዲሰረዝ ትእዛዝ ስጽፍ፥ የማንን እንደሆነ የሚወስነውን ሐረግ ዘነጋሁ። ኮምፒዩተሩም የታዘዘውን ፈጸመ፤ የሁሉም መዝገብ ጠፋ። እኔም ስላፈርሁ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ስደክም አረፈድሁ። በዚያን ጊዜ ባልደረቦቼ ነገሩን ሳያውቁ አዲስ ጕዳይ ይመዘግቡ ነበር። በምሳ ሰዓት ለአለቃዬ ብናገር፥ ‹‹የትናንት ማታ ቅጂ አለን፤ ወዲያው ብትነግረኝ ኖሮ በአንድ ሰዓት ባለቀ ነበር›› አሉኝ። ቅጂው ሲመለስ የዚያ ጧት ሥራ ሁሉ ጠፋ፤ ባልደረቦቼም እስከ ማታ ተቀምጠው እንደገና መዘገቡት። ያስመሻቸው ስሕተቴ ሳይሆን ዝምታዬ ነበር።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ የተሻለ አድርገዋል። ጊትላብ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ኩባንያ ነው። ጃንዩወሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ሠራተኛው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያለ መስሎት ዋናውን ቋት ሰረዘ። ከ300 ጊጋባይት ያህል የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ሲፈለጉ፥ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ሳይወሰድ መቅረቱ ታወቀ። ደግነቱ ከ6 ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ጕዳይ የተወሰደ ቅጂ ተገኘ፤ የነዚያ ሰዓቶች መረጃ ግን ቀረ። ኩባንያው ይህን ሁሉ አልሸሸገም። ጥገናውን ሕዝብ እያየ በዩቲዩብ አስተላለፈ፤ ምክንያቱንም አንድ በአንድ ጽፎ አወጣ። እኔም ያን ጽሑፍ ባነበብሁ ማግሥት የመሥሪያ ቤታችንን ቅጂ አውጥቼ በእርግጥ የሚመለስ መሆኑን ፈተንሁ። የማላውቀው ሰው ስሕተት መምህሬ ሆነ። በሙያችን ትልቁ ትምህርት የሚገኘው እንዲህ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ያገራችን ሰው ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይላል። የፈተና ወረቀት ሲመለስላችሁ ማርኩን አይታችሁ ብቻ አትጠፉት፤ የሳታችሁትን ጥያቄ ለጓደኛችሁ አሳዩ፥ ለመምህራችሁም አቅርቡ።

መምህራንና ወላጆች ሆይ፤ ጥፋቱን ይዞ የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው ቍጣ ከሆነ፥ ሁለተኛ ይዞ አይመጣም። እኔ ዛሬ በዚህ ሥራ ላይ የምገኘው፥ ያን ቀን አለቃዬ በትዕግሥት ስለ ሰሙኝ ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።